ያንቺ ፊት በሐይቃችን ብርሃን

ሐይቅ
ጥቅምት ፲፭ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኪ። እኔ ስለው ድሮም ያስቅሽ ነበር፤ አሁንም ሳቂ፣ ሳቅሽን ከሰማሁ ቆየሁ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ የሰዎቹን ምንጣፍ በደረጃ ስትጎትቺ አሁንም ያምሻል? እንቅልፍስ ይሰጡሻል? በስልክ ስጠይቅሽ አልሐምዱሊላህ ብቻ ብለሽ ታልፊኛለሽ፤ ማዳምሽ አጠገብሽ ስትሆን ድምፅሽ እንደሚቀጥን ግን ለይቼዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናቸው፤ ክረምቱን ጉልበታቸው አስቸግሯቸው ከርሞ መስከረም ሲጠባ ለቀቅ አደረጋቸው። ፈዲላ ደህና ናት። አዎ፣ ልጅሽ በጣም ደህና ናት።

ባለፈው ስትደውዪ ሰዎቹ ሁለት ዓመት ጨምሪ እንዳሉሽ፣ አንቺም እስቲ ላስብ እንዳልሻቸው ነግረሽኝ፣ ምን ትመክሪኛለሽ ብለሽ ነበር። ዝም ያልኩት ፈዲላ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ነው። ስልክ ሲጮህ ቀድማ የምታነሳው እሷ ናት፤ ካነሳች በኋላ ደግሞ አትነቃነቅም። በእሷ ፊት የማይወራ ነገር ስላለኝ ወረቀት ያዝኩ። ሙጂባ ለዒድ ከጅዳ መጥታ የሰነበተችው ነገ ትመለሳለች፤ ደብዳቤውንም ፎቶውንም ከእጅሽ ሳታገባ ለማንም እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። ወላሂ፣ ማዳሜ ጥላውንም አታየውም ብላኛለች።

መጀመሪያ ፎቶውን አውጪና እይው። ከዚያ ተመለሽ።

አየሽው? እሷ ራሷ አይደለችም? እኔ ሠርቼ ስጨርስ ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ልናጥብ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ትዝ ይልሻል አይደል? ያንቺ እናት አንድ ዘንቢል፣ የኔ እናት አንድ ዘንቢል። አጥበን ቁጥቋጦው ላይ እናሰጣና እስኪደርቅ እግራችንን ውሃው ውስጥ ነክረን እንቀመጥ ነበር። ከማዶ የገዳሙ ዛፎች ይታዩናል፤ ሴት ስለሆንን ከበሩ አያሳልፉንም፣ ስለዚህ ከዛፎቹ ወዲያ ያለውን ሁሉ እንደፈለግን እንፈጥረው ነበር። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየሰበሰበ በአምባሰል ሲያንጎራጉር ውሃው ድምፁን ወደ እኛ ይዞት ይመጣል። አንቺ የዘፈኑን ግጥም እየቀየርሽ በሰውየው ስትቀልጂ እኔ እንዳይሰማሽ አፍሽን እይዝሽ ነበር።

የሐይቁን ሴትዮ የወለድናት በውሸት ነው። የእናትሽ አዲሱ ሻሽ ከእጃችን አምልጦ ውሃው ይዞት ሄደ። ዱላውን ፈርተን፣ ከሐይቁ የወጣች ሴትዮ ቀማችን አልናቸው። እናትሽም ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ እንግዲያው ሂዱና ተቀብላችሁ አምጡ፣ ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱብኝ አሉን። ተመልሰን ወረድንና ዳር ላይ ተቀምጠን ሴትዮዋ ምን እንደምትመስል ስንከራከር ጀንበር ጠለቀች። እኔ ፈረስ ይኑራት አልኩ። አንቺ፣ ሳሩን ማን ሊያጭድለት ነው፣ ደግሞ ለሷም ሥራ ልናበዛባት ነው ብለሽ ክንፍ ሰጠሻት። ቀሚሷ አረንጓዴ እንዲሆን፣ ከውሃ ስትወጣ ፀጉሯ እንዳይረጥብ ተስማማን። ቤት ስንገባ እናትሽ ሻሹን ረስተውት፣ ይልቅ ስለ ሴትዮዋ ይጠይቁን ጀመር። እሷን እያወራን ስንት ቀን ከሥራ እንዳመለጥን አንቺ ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ የጎደለን ነገር የነበረ አይመስለኝም።

ይህን ተረት ለፈዲላ በስልክ እንደምትነግሪያት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አንቺ ራስሽ ሴትዮዋን ሆነሽ ነበር ለካ የምትነግሪያት፦ እኔ አሁን ከውሃው ሥር ሥራ ላይ ነኝ፣ ሥራዬን ስጨርስ ክንፌን አራግፌ እወጣለሁ እያልሽ። ልጅቷ የአንድ ዓመት ተኩል ሆና ነው የተለየሻት፤ አባቷም ጂቡቲ ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ተረቱን የሙጥኝ ብትል ማን ይፈርድባታል? አንቺም ይህ ሳይገባሽ አልቀረም፤ በሙጂባ እጅ ሁለት ፎቶ ልከሽ፣ ፊቴን እንዳትረሳብኝ ሴትዮዋን አድርገሽ ሥሪኝ አልሽኝ። እኔም ይኼማ የእጄ ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

የምሠራበትን ፎቶ ቤት ታውቂዋለሽ፤ ባለቤቱ ጋሽ መዝገቡ እንደ ድሮው ናቸው። ኮምፒዩተር ካስገቡ ወዲህ የሐይቅ ሰው ሁሉ አየር ላይ ተንሳፎ ቀርቷል። ዓረብ አገር ያለ ልጁን ከቤተሰቡ ጋር አድርጉልኝ የሚል ይመጣል፤ ጋሽ መዝገቡ ቆርጠው ይለጥፉታል፤ የቤተሰቡ ጥላ ወደ ግራ፣ የልጁ ጥላ ወደ ቀኝ። አንዱን ሙሽራ ከአንበሳ ጋር አቁመውት አንበሳው ከሙሽራው ጫማ አንሶ ነበር። ስነግራቸው፣ ሰው የሚያየው ፊት ነው፣ አንቺ ጥላ ስትቆጥሪ ደንበኛ ያመልጠኛል ይሉኛል። ሰውም ከፍሎ ተደስቶ ይሄዳል፤ ምን ላድርጋቸው።

እኔም መጀመሪያ የሠራሁሽ እንደሳቸው ነበር። ማድ ቤት ውስጥ የተነሳሽውን ፎቶ ቆርጬ ሐይቁ ላይ አቆምኩት፣ ክንፍ ቀጠልኩለት፣ ቀሚሱን አረንጓዴ ቀባሁት። ፈዲላ ከትምህርት ቤት መልስ መክሰሷን እየበላች መጥታ ስክሪኑን አየች። ይቺ እኮ ሐይቁ ጋ አይደለችም፣ ቤት ውስጥ ናት አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ብላት ትከሻዋን ነቀነቀችና ዳቦዋን መብላት ቀጠለች።

እውነቷን ነበር። አንቺ የቆምሽው ኮርኒስ ላይ ካለ ነጭ መብራት ሥር ነው፤ ግንባርሽ ይነጣል፣ ዓይንሽ ሥር ይጠቁራል። የኛ ሐይቅ የማታ ብርሃን ደግሞ ከጎን ነው የሚመጣው፣ ቢጫ ነው፤ ከውሃው ነጥሮም አገጭ ሥር ያበራል። እንኳን ሰው፣ አህያም እዚያ ስትቆም ሆዷ ሥር ወርቅ ይመስላል። ይህን ብርሃን ቀብቼ ላመጣው ሞከርኩ፤ አልመጣም። የዚያ ማድ ቤት መብራት ከፊትሽ አልወርድ አለኝ። ሌሎቹን ሰዎች እንዲህ ስለጥፍ ከርሜ ያላመመኝ ነገር አንቺ ላይ ሲሆን አመመኝ።

ስለዚህ አካሏን እዚሁ ላነሳው ወሰንኩ። አረንጓዴ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን እንዳንቺ ተሠራሁ፣ ጋሽ መዝገቡን ካሜራ አስይዤ እየለመንኩ ወሰድኳቸው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፣ ልብስ የምናጥብበት ቦታ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ጀልባ የሚያስጠጉት ልጆች፣ ሙሽሪት፣ ባልሽ ሰጠመብሽ ወይ እያሉ ሲስቁብኝ ነበር። ጋሽ መዝገቡ ጫማዬ ረጠበ እያሉ አጉረመረሙ፤ ፎቶውን ግን አሳምረው አነሱት፣ ሐቃቸውን አልበላም። እጅሽን ዘርጊ ሲሉኝ ማንን እንደምጠራ ሳላስብ ዘረጋሁ። አሁን የምታይው እጅ ያ ነው።

ለፊትሽ ሁለተኛው ፎቶ አዳነኝ፤ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጪ የተነሳሽው። እዚያ ላይ ፀሐይ ከጎን አግኝታሻለች፣ ግን በተቃራኒው ጎን። ፊትሽን ገለበጥኩት። ስገለብጠው ማርያም የሳመችሽ ምልክት ወደ ሌላኛው ጉንጭሽ ተሻገረች፤ እሷን አጥፍቼ ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ እናትሽ መቼም ይህን አይስቱም። እኔ ቀይ ነኝ፣ አንቺ ጠይም፤ አንገቴንና ክንዴን አጠየምኩ። ክንፎቹን አርዲቦ ሐይቅ ላይ ሲያርፍ ካነሳሁት ነጭ የውሃ ወፍ ወሰድኩ፤ ከኋላዋ ካለው ጭጋግ ጋር እንዲስማሙ ጫፋቸውን አሳሳሁት። ጥላዋን ውሃው ውስጥ ገልብጬ አስገባሁና ሞገዱ እንደሚሰባብረው ሰባበርኩት። መብራት እየሄደ እየመጣ ስንቴ ከመጀመሪያው እንዳስጀመረኝ አትጠይቂኝ። ሲያልቅ በፍላሽ ደሴ ተልኮ ታትሞ መጣ።

ፎቶውን ለእናትሽ ስሰጣቸው የሆነውን ስሚ። ወደ ብርሃኑ ይዘውት ወጡ፣ ራቅ አድርገው አዩት፣ ከዚያ በራፉ ላይ ቁጭ አሉ። ያረቢ፣ መቼ ነው የመጣችው አሉኝ። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሐይቁ ዳር ድረስ መጥታ ሳትገባ ተመለሰች? ምን አስቀይሜያት ነው፣ ንገሪኝ በአላህ ሲሉ ግን እንባቸው ወረደ። ኧረ እማማ፣ የሠራሁት ነው፣ ክንፉን አያዩትም እንዴ ብላቸው፣ የምን ክንፍ፣ ነጠላዋን ንፋስ እያነሳባት አይደል ብለው ተቆጡኝ። ጎረቤታችሁ ዋሲላ ወሬውን ሰምታ መጣችና፣ እኔም እኮ ማክሰኞ ገበያ ላይ ከኋላዋ ያየኋት መስሎኝ ነበር ብላ አረፈችው። በማግስቱ ገበያው ሁሉ አንቺን መጥታ ተደብቃለች ሲል ዋለ። እናትሽን ለማሳመን ቀሚሴን አምጥቼ ፊታቸው መልበስ ነበረብኝ። ሲያምኑኝ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ አዘኑ፤ ምነው ዝም ብለሽ በነበር አሉኝ። ፎቶውን ግን ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል፤ ሲገቡ ሲወጡ ሰላም ይሉታል።

ፈዲላ አልተታለለችም። ወንበር ላይ ወጥታ ብዙ አየችው። ጣቷን ፊትሽ ላይ አድርጋ፣ ይቺ የስልኳ ናት አለች። ቀጥላ ጣቷን ወደ ተዘረጋው እጅ አወረደችና፣ ይሄ ግን የእታለም ነው አለች። እታለም የምትለው እኔን ነው። እጁን እንዳይለይ አድርጌ አጠይሜዋለሁ፣ ጣቶቹንም አቅጥኛቸዋለሁ፤ ምኑን አይታ እንደለየችው ብጠይቃት እንዲህ ነው የምትይዢኝ አለችኝ።

የከበደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ እናትሽ እንዳልነግርሽ ለምነውኛል። በሰው አገር ልቧ ይሰበራል፣ አብሽሪ ብለሽ ብቻ ጻፊላት ነበር ያሉኝ። እኔ ደግሞ አሁን ካልሰማሽ መቼ ትሰሚያለሽ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ የአንደኛ ክፍል ወላጆችን ጠርቶ ነበር። የእናትሽን ጉልበት ስለማውቅ ደግፌ ወሰድኳቸው። መምህርቷ ልጆቹን እያስነሳች፣ ማን ይዞሽ መጣ፣ እናትሽ ማን ትባላለች እያለች ታጫውታቸዋለች። ፈዲላ ተራዋ ሲደርስ ተነስታ የኔን ስም ጠራች። በደንብ፣ ጮክ ብላ ነው የጠራችው። እናትሽ ክው አሉ። ልጄ፣ እናትሽ እኮ ጅዳ ናት፣ እዚያ ሠርታ ልትመጣልሽ አሏት። ፈዲላም ሳትናደድ፣ አንድ ነገር እንደምታስረዳ ትልቅ ሰው ሆና፣ እሷማ የተረቷ ናት አለቻቸው። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷም ሳቀች፤ ከዚያ የእናትሽን ፊት አይታ ቀጣዩን ልጅ አስነሳች።

አየሽ፣ ሴትዮዋን አምራ እንድትታመን አድርጌ ሠራኋት፤ ልጅሽ ግን አንቺን እዚያው ተረቱ ውስጥ ነው ያስቀረችሽ። ክፉ ሆና አይደለም። በየሳምንቱ ድምፅሽን ትጠብቃለች፤ ስትደውዪ ዓይኗ ይበራል። ነገር ግን ጥርሷ ሲወልቅ፣ ሲያማት፣ ከልጆች ጋር ስትጣላ አንቺን አትጠራም። ከተረት የወጣ ሰው ትኩሳት እንደማያበርድ አውቃለች።

ከሁሉ የባሰውን ልንገርሽና ከፈለግሽ ተቀየሚኝ። ስሜን ስትጠራ ደስ አለኝ። ጸበሉንም ሐኪሙንም ጨርሼ፣ ባሌም ትቶኝ ሄዶ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ ተብዬ እጠራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ፈዲላ እጄን ይዛ እየዘለለች ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዳይታይብኝ ወደ ሐይቁ እያየሁ እሄድ ነበር። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሳምንት ሙሉ የዘገየሁትም ለዚያ ነው። ሁለት ዓመት ጨምሪ፣ እኔ አለሁላት፣ አታስቢ ብልሽ ታምኚኝ ነበር። ታመሰግኚኝም ነበር።

አትጨምሪ። የምታሠሪው ቤት ጣሪያው ሳይለብስ ይቆይ፤ እናትሽም ጣሪያ አልጠየቁሽም። ከአረፋ በኋላ ሥራሽን አስረክቢና ነይ። የዛሬ ሁለት ዓመት ብትመጪ ልጅቷ በእንግድነት ትቀበልሻለች፣ እንግዳ ደግሞ አክብሮት እንጂ ሌላ አያገኝም። አሁን ከመጣሽ ገና ታኮርፍሻለች፣ ታለቅስብሻለች፣ አንቺ ማነሽ ትልሻለች። ይህ ሁሉ ደህና ነው። የሚያስፈራው ምንም ሳትልሽ ስትቀር ነው።

የምትመጪበትን ቀን ለኔ ብቻ ንገሪኝ። ለእሷ በስልክ እንዳትነግሪያት፤ ክንፍ ስትጠብቅ ትውላለች። ቤት ገብተሽ አረፍ በይ፣ ከዚያ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ በሩ ላይ ጠብቂያት። በሩ ከሰው ይጨናነቃል፤ ከቧንቧው አጠገብ ቁሚ፣ እሷ ስትወጣ መጀመሪያ ወደዚያ ነው የምታየው። ባጃጅ ትፈራለች፣ መንገድ ስትሻገሩ ሳትናገሪ በሷ በኩል ያለውን ጎን ያዢ። ቲማቲም አትበላም፣ እናትሽ ትበላለች ቢሉሽ አትመኚ። ቶሎ አትቀፊያት፤ ቦርሳዋን ተቀበያትና ዝም ብለሽ አብረሻት ሂጂ፣ ወሬ የምትጀምረው ራሷ ናት። የሆነ ነገር ብትጠይቅሽ እውነቱን ንገሪያት። ስለኔ ከጠየቀችሽ ሥራ ሄዳለች በያት። እኔ ያን ሰሞን ውጫሌ አክስቴ ዘንድ እሰነብታለሁ፤ ስትጠሩኝ እመጣለሁ፣ አትቸኩሉ።

በይ እንግዲህ፣ ሙጂባ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፣ ደብዳቤ ነው ወይስ ኪታብ እያለችም ትቀልድብኛለች። እመቤቴ ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ፤ አንቺም የምትይውን ዱዓ ጨምሪበት፣ ከሁለቱ በአንዱ ትደርሻለሽ። የሰው አገር ሥራ እጅሽን እንጂ ልብሽን አያድክመው። መንገዱን ያቅናልሽ፣ የእናትሽን ዓይን በዓይንሽ ለማየት ያብቃሽ፣ ወልደሽ የተለየሻትን ከጉያሽ ያግባልሽ።

ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ ስልኩን ልትዘጊ ስትይ የምትዪኝ፣ ዛሬ እኔ ልበልሽ፣ ማለቱ የኔ እንዳልሆነም አውቃለሁ፦ ልጅቷን አደራ።

አብሮ አደግሽ